ሦስተኛው መስኮት እንዳይዘጋ

ያለ አቶ ደንብ የተሠራ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የለም። ሕንጻው ሲያልቅ በርና መስኮት ይገጠማል፤ ቀጥሎ እሱ ይገጠማል። መልኩ በየቦታው ይለያያል፤ አመሉ ግን አንድ ነው።

የእኛው ክቡር አቶ ደንብ የልደት ምስክር ወረቀት የምንሰጥበት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ጠዋት ደረጃው ላይ ቆመው ይጠብቁናል። "እንደምን አደርክ" ብሎ ነገር የለም። ሰዓታቸውን እያዩ "ነጋ?" ይላሉ። ታክሲ ጠፋ ብትላቸው፣ "የተቀጠረው ታክሲው ነው እንዴ?" ዝናብ ያዘኝ ብትላቸው፣ "እኔ ላይ ፀሐይ ነበር የወጣው?"

በዚያ ዘመን ኮት ወንበር ላይ ሰቅሎ መጥፋት የተከበረ ሙያ ነበር። ባለጉዳይ ሲጠይቅ "አሉ፣ ኮታቸው ይኸው" ይባላል። አቶ ደንብ ይህን የደረሱበት ቀን ባለቤት አልባ ኮቶችን ሰብስበው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉባቸው። አመሻሽ ላይ በብርድ እየተንቀጠቀጥን ስንለምናቸው፣ "ኮቶቹ ሲሠሩ ስለዋሉ ደክሟቸዋል፤ ይረፉ" አሉን።

እኔ ከዩኒቨርሲቲ ትኩስ የወጣሁ ነበርኩ። "ሠራተኛ በፍቅር እንጂ በልጓም አይነዳም" እያልኩ ሻይ ቤት ውስጥ እሰብካለሁ፤ ያውም በሥራ ሰዓት።

አንድ ቀን የሦስተኛው መስኮት ሠራተኛ እናት ቀዶ ጥገና ሊደረግላቸው ሆነ። ልጅቱ ፈቃዷን እናቷን ስታስታምም ጨርሳዋለች፤ መስኮቷ አንድ ቀን ከተዘጋ ደግሞ መባረሯ ነው። ቢሯቸው ገብታ ስታለቅስ ሁላችንም በተከፈተው በር ሰማን።

"ጋሼ፣ እናቴ እኮ ከእኔ ሌላ ሰው የላትም።"

"ደንቡ ስለ እናት አይናገርም። መስኮት አይዘጋ ነው የሚለው።"

"ድንጋይ!" አልን በሹክሹክታ።

በማግሥቱ "ሥራው ይቅርብኝ" ብላ እናቷ ዘንድ ሄደች። እኛም መስኮቱ ተዘግቶ እናገኘዋለን ብለን ሰውየውን ልንገላምጥ ወረድን። መስኮቱ ተከፍቷል። ከውስጥ የተቀመጡት ራሳቸው አቶ ደንብ ናቸው። ማኅተሙን ገልብጠው ይመታሉ፣ ወረቀቱ ይበላሻል፣ እንደገና ይጀምራሉ። ሰልፉ መንገድ ወጥቷል።

"ምን ታፈጣለህ?" አሉኝ። "መስኮቱ ተዘግቷል?"

"ኧረ አልተዘጋም፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ሂድና ሥራህን ሥራ።"

እናትየው እስኪያገግሙ በየቀኑ እዚያው ዋሉ፤ ልጅቱም ወደ መስኮቷ ተመለሰች። ዛሬ "ዲሲፕሊን ይጥበቅ ወይስ ይላላ?" የሚል ክርክር ሲነሣ ይጥበቅ እላለሁ፤ የሚያጠብቁት እሳቸው ከሆኑ። እንዴት ይናፍቁኛል! በተለይ ያ የመጀመሪያው ቀን ከፊቴ አይጠፋም። ከሰልፉ ፊት የቆሙ አንድ ሽማግሌ ትዕግሥታቸው አልቆ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ይህን ያህል ስትንቀራፈፍ የሚቆጣህ አለቃ የለህም?" ብለው ጮኹ።

አቶ ደንብ ላባቸውን ጠረጉ።

"አለኝ፣ አባባ። ክፉ ነው። እባክዎ እንዳይሰማን ቀስ ብለው ይናገሩ።"