ሊቀ እርማት ዘውገ እና የትርጓሜ ቤት

መጋቢት 2016 ነበር። ወይስ 2015? ጎባ ላይ የበልጉ ዝናብ ገና መጀመሩ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ዓመቱን ግን አልምልበትም። ጋሽ ዘውገ አጠገቤ ቢኖሩ ጥርጣሬዬ እዚህ ድረስ ባልዘለቀ። "ትንሽ እርማት" ብለው ዓመቱን ከነቀኑ፣ ቀኑን ከነበዓሉ ይነግሩኝ ነበር።

የትም ከተማ ሂዱ፣ አንድ አራሚ አታጡም። ከተማው መብራት ሊያጣ ይችላል፣ ውሃም ሊያጣ ይችላል፤ አራሚ ግን አያጣም። የእኛው አራሚ፣ ክቡር ሊቀ እርማት ዘውገ፣ ከፍርድ ቤት ጸሐፊነት በጡረታ የተገለሉ፣ በበጋም ካፖርታቸውን የማያወልቁ ረጅም ሰው ናቸው። ማዕረጉን ያወጣንላቸው እኛ የሰፈሩ ልጆች ነን። ሲሰሙ አልተቆጡም። "ትንሽ እርማት" አሉን፤ "'ሊቀ' የሚባል ማዕረግ ጳጳስ ነው የሚሰጠው፣ ጎረምሳ አይሰጥም።"

ለቅሶ ቤት አልቃሿ "በሰባ ዓመትህ ተለየኸን" ስትል፣ ከድንኳኑ ጥግ "ሰባ ሦስት" ያሉት እሳቸው ናቸው። ሰርግ ላይ የሙሽራው አያት ስም በስህተት ሲጠራ፣ ሙሽራው ራሱ ዝም ብሎ እሳቸው ብድግ ብለዋል። ጎረቤታችንን ሮቤን በከተማነት አያውቋትም። አውሮፕላን ማረፊያውም ዩኒቨርሲቲውም እዚያ ነው ሲሏቸው፣ "ሮቤማ ገበያው መሽቶም ነግቶም ያልተበተነ መንደር ነው" ይላሉ። ጊኒር ተወልዶ ያደገው ባለሱቁ ጀሊል ደግሞ እስከ ዛሬ እንደተገረመ ነው። "ወላሂ ኦሮምኛዬን ያርሙኛል" ይላል። "እናቴ ያስተማረችኝን! የከፋው ደግሞ፣ እናቴን ብጠይቃት እሳቸው ልክ ናቸው አለችኝ።"

እኚህ ሰው ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት አንድ ቤት ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በታች ያለው አሮጌው የአለቃ ቤት። የደብሩ አለቃ ፍቅረየሱስ ኖረውበታል፤ ከእሳቸው በኋላ የመጡት አለቆችም ተራ በተራ ኖረውበታል። ዛሬ ባዶውን ቆሟል። መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው በገብስ ጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ወለሉ ጣውላ፣ ኮርኒሱ ዝናብ ካርታ የሣለበት አቡጀዴ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የምታይ አንዲት ጠባብ መስኮት አለችው። አለቃ ፍቅረየሱስ አርፍዶ የሚመጣውን ዲያቆን የሚይዙት በእሷ ነበር ይባላል። በዚያ መንገድ ያለፈ እንግዳ ሁሉ ጋሽ ዘውገ እጅ ላይ መውደቁ አይቀርም። "ይህ ምሰሶ ባሕር ዛፍ እንዳይመስልህ፣ ጽድ ነው። ምስጥ ይሞክረውና አፍሮ ይመለሳል።"

እኔም ቤቱን እወደዋለሁ። ልጅ ሆነን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ዝናብ ከያዘን የምንጠለለው በረንዳው ላይ ነበር። ቆርቆሮው ሲንጫጫ አጠገባችን የቆመውን ሰው እንኳ አንሰማም፤ ስለዚህ በየግላችን እንዘፍናለን። አሁን የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ዝናብ ድምፅ የለውም። መዝነቡን የማውቀው ጠዋት አስፋልቱን አይቼ ነው።

በዚያ መጋቢት ጎባ የሄድኩት ቤቱ ሊፈርስ ይችላል የሚል ወሬ ሰምቼ ነበር። ቦታው ለፎቅ ተፈልጓል፤ ቤቱ በቅርስነቱ ይቆይ ወይስ ይሰረዝ የሚለውን የሚወስን ኮሚቴ ሊመጣ ነው። ደጃፉ ላይ የተተከለው ሰሌዳ ቤቱ ጥንታዊ የትርጓሜ ቤት መሆኑን፣ ሊቃውንት መጻሕፍትን ያመሠጠሩበት ጉባኤ መሆኑን ይናገራል። የተመዘገበውም በዚሁ ምክንያት ነው።

"የምን ጉባኤ!" አለችኝ ነጭ ሽንኩርት ቸርቻሪዋ ሶረቲ፣ ከቤቱ አጥር ሥር ሸቀጧን እየደረደረች። "ያኔ የቅርስ መዝጋቢው መጥቶ 'የዚህ ቤት ስም ማነው?' አለ። እናቴ 'መነ ሂካ' አለችው። የሂካ ቤት ማለቷ ነው። ሂካ አያቴ ነዋ፤ ቤቱን የሠራው አናጢ። ሰውየው ግን ቃሉን ፈታው።"

ገባኝና በሳቅ ፈነዳሁ። ሂካ በኦሮምኛ ፍቺ፣ ትርጉም ነው። ቤቱ የካህን ቤት ስለነበረ ነገሩ ለመዝጋቢው ግጥም ብሎለታል፤ የአናጢው ስም የመጻሕፍት ትርጓሜ ሆኖ ተመዘገበ።

"ይህን ማን ያውቃል?" አልኳት።

"ሰፈሩ ሁሉ። የማያውቀው ሰሌዳው ብቻ ነው።"

"ለኮሚቴው ትነግሪያቸዋለሽ?"

"ነግሬ የአያቴን ቤት ላስፈርስ? አንተ ደግሞ።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እኔን የሚያስፈራኝ ጋሽ ዘውገ ናቸው። ስህተት አይተው ማለፍ አያስችላቸውም።"

ኮሚቴው ሲደርስ ጋሽ ዘውገ ካፖርታቸውን ቆልፈው በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። መሪዋ ልደት የምትባል ቆፍጣና ወጣት ናት። ምሰሶውን አስጎበኟት፣ መስኮቷን አሳዩዋት፣ የአርፋጁን ዲያቆን ታሪክ ነገሯት። በመጨረሻ ሁላችንም ሰሌዳው ፊት ቆምን።

"ጋሼ፣ እርስዎ ስህተት አያልፉም ሲሉ ሰምቻለሁ" አለች ልደት። "እዚህ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው? ካልሆነ ዛሬ ይንገሩኝ፤ ነገ አልሰማም።"

ጋሽ ዘውገ መነጽራቸውን አደረጉ። ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ደግመው አነበቡ። ሶረቲ የያዘችውን ነጭ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች፤ የሚሸጥ ነጭ ሽንኩርት ማን ይልጣል?

"ትንሽ እርማት" አሉ።

እኔ መሬት መሬት አየሁ።

"'ትርጓሜ' የሚጻፈው በ'ጓ' ነው። እዚህ በ'ጎ' ተጽፏል። የመንግሥት ሰሌዳ ሆኖ ያሳፍራል።"

ልደት ቀና ብላ ፊደሉን አየች። "እውነትዎን ነው። ሌላስ?"

"ሌላ?" ጋሽ ዘውገ መነጽራቸውን አወለቁ። በካፖርታቸው ጫፍ ጠረጉት። እንዲህ ያለ ትግል ፊታቸው ላይ አይቼ አላውቅም። "ሌላ የለም።"

"እንግዲያው ቤቱ ይቆያል፣ ፊደሉ ይታረማል" አለች ልደት።

ኮሚቴው ሲሄድ ሶረቲ ጠጋ ብላ እጅ ነሣች። "ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎ።"

"ለምኑ?"

"ለፊደሉ።"

"ፊደልማ ቀላል ነው" አሉና ባጃጅ ጠርተው ተሳፈሩ። የጀሊልን ኦሮምኛ የሚያርሙ ሰው ሂካ ምን እንደሆነ ይጠፋቸዋል? ወይስ የሶረቲን አያት ስለሚያውቁት ቃሉ ከሰው ስምነት ሌላ ትዝ አላላቸውም? ልጠይቃቸው ከኋላቸው ሄድኩ። ጥያቄዬ እርማት እንዳያስፈልገው ብዬ ቃላቱን አንድ በአንድ ሳስተካክል፣ ባጃጁ ኩርባውን ዞረ።