ሹራብ ለብሶ አርባ ምንጭ

ሰኔ ላይ አርባ ምንጭ ውስጥ ወፍራም ሹራብ ለብሳችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ለብሻለሁ። ያውም መስኮት ዘግቼ፣ መጋረጃ ጋርጄ። በርዶኝ እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ ስለበረደ ነው።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ላውራችሁ። ትዕግሥት እባላለሁ፤ ከትዕግሥት ያለኝ ስሙ ብቻ ነው። የምኖረው ጎፋ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥራዬ ውጭ አገር ሆቴል የያዙ ሰዎች ለሚጽፉት ቅሬታ መልስ መስጠት ነው። "ፎጣው ሻካራ ነበር" ይሉኛል፤ ያላየሁትን ፎጣ ይቅርታ እጠይቅበታለሁ። የሚሠራው ከቤት ነው። ቤት ሲባል ግን የተመዘገበው ቤት ብቻ። የደንበኞች መረጃ ስላለበት ኮምፒውተሩ ከየት እንደተከፈተ ቢሮ ይታያል። ከሌላ ቦታ የከፈተ ይሰናበታል። ይህን አንብበን ፈርመናል።

ታዲያ የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው፣ አርባ ምንጭ ያለው አባቴ ከመሰላል ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ብቻውን ነው የሚኖረው። ፈቃድ ልጠይቅ? ከእኔ በፊት አንዷ ጠይቃ "ገና ሳትለምጂ?" እንደተባለች ሰምቻለሁ። ልቅር? አባት ነው እኮ! ብቀመጥም ብቆምም አላስችል አለኝ።

መላውን የዘየደልኝ ሲሳይ ነው። አብረን የተማርን፣ የኔትወርክ ሰው። ሁለት ትንንሽ ራውተሮች ይዞልኝ መጣ።

"ይሄኛው እዚህ ይቀመጣል፣ ይሄኛውን ይዘሽ ትሄጃለሽ" አለኝ። "ቪፒኤን ሠርቼባቸዋለሁ። አርባ ምንጭ ሆነሽ የምትጽፊው ሁሉ መጀመሪያ እዚህ ይመጣል፤ ወደ ቢሮ የሚሄደው ከዚህ ነው። ስለዚህ የሚያዩት ጎፋን ነው።"

"መብራት ቢጠፋስ?"

"ይቋረጣል። ሲመለስ አንዳንዴ አጥፍቶ ማብራት ይፈልጋል። ቁልፍ የሚይዝልሽ ሰው ፈልጊ።"

ቁልፉን ለእትዬ ዘነበች ሰጠሁ። በራችን ፊት ለፊት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ስልክ ሲያገናኙ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ማስረዳት ስጀምር አላስጨረሱኝም። "መስመሩ እንዳይቋረጥ ነው በይኛ! ልጄ፣ ይሄማ የኔ ሥራ ነው" አሉ። ወደ ሥራ የተመለሱ ያህል ፊታቸው በራ። ለማንም እንዳይናገሩ አላሳሰብኳቸውም። ማን መጥቶ ሊጠይቃቸው?

ሄድኩላችሁ። ደግሞም ሠራ! ግን ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል የሚባለው በእኔ አልደረሰም። የእኔው እያደር ከበደኝ። በቪዲዮ ስንሰበሰብ ሁሉም ጃኬት ደርቦ ሻይ ይዟል። እኔስ በቀሚስ ልቀርብ ነው? ሹራቤን ለበስኩ። ላቤ ጠብ ጠብ ሲል አለቃችን ቤዛ "አሞሻል እንዴ?" አለች። "ትንሽ ብርድ መትቶኝ ነው" አልኩ። በማግስቱ ደግሞ ስብሰባ መሃል ማንጎ ቆርቆሮው ላይ ወደቀ። ጧ! ጎፋ አራተኛ ፎቅ ላይ ማንጎ አይወድቅም። "ላይ ቤት ያሉት ዕቃ ጥለው ነው" አልኩ።

ስብሰባ በሌለ ጊዜም ዕረፍት የለኝም። የራውተሯ መብራት አረንጓዴ ናት? ቀላች? ለአባዬ ሾርባ ልሰጥ እነሳና ከደጃፍ እመለሳለሁ። ለእትዬ ዘነበች በቀን አራት ጊዜ እደውላለሁ። አባዬ አልጋው ላይ ሆኖ አየኝ አየኝና፣ "ልጄ፣ እኔን ልታስታምሚ መጥተሽ ሳጥኗን ታስታምሚያለሽ" አለኝ።

የፈሩት ይደርሳል። አንድ ጠዋት ቤዛ ደወለች።

"ትዕግሥት፣ አዲሱን ኮምፒውተርሽን በዚያው ላድርስልሽ ብዬ ደጃፍሽ ቆሜያለሁ። ቤት ነሽ አይደል?"

ሥራ ላይ ነኝ፤ የቢሮው ኮምፒውተርም ጎፋ ነች ይላታል። አፌ ቀደመኝ። "አይ… ሱቅ ወረድ ብዬ ነው።"

"ችግር የለም፣ እጠብቅሻለሁ።"

ያኔ በስልኩ ውስጥ በር ሲከፈት ሰማሁ። ከዚያ የእትዬ ዘነበች ድምፅ መጣ።

"ማንን ነው ልጄ?"

"ትዕግሥትን።"

"እሷማ አርባ ምንጭ ናት! አባቷ ተሰብሮ። ግን አታስቢ፣ መስመሩን እኔ ይዤላታለሁ። አንድ ቀን እንኳ ተቋርጦባት አያውቅም። ግቢና እዪው!"

ገባች መሰለኝ። ኮቴዋን ሰማሁ። እኔ ሹራቤን እያወለቅኩ ነው፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

"ሱቅ?" አለች ቤዛ።

አለቀስኩ። የእግሩን፣ የሙከራውን፣ የፍርሃቴን ነገር ሁሉ ዘረገፍኩት። ሰማችኝና፣ "እኔ እናት የለኝም እንዴ? ለምን አልነገርሽኝም?" ብላ ዘጋች። ሦስት ቀን እሾህ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ሆንኩ። በአራተኛው ቀን ደብዳቤ መጣ፦ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ የአሥር ቀን ፈቃድ። ፈቃድ ለካ ነበር! መጠየቅ ብቻ ነበር የቀረኝ። አሥሩን ቀን በቀሚስ ሆኜ አባዬን ክራንች አስለመድኩት፤ ማንጎ እየበላን።

በእኔ ጦስ ግን አዲስ ደንብ ወጣ። በሳምንት አንድ ቀን ሁላችንም በአካል ቢሮ እንድንቀርብ። የመጀመሪያው ስብሰባ እኔ ስመለስ ሆነ፤ የተነገረንም በዋዜማው ነው። ባልደረቦቼን በምን ዓይኔ አያለሁ ብዬ ተሳቅቄ ገባሁ። አሥራ አንድ ነን። የተገኘነው አራት።

አንዱ ድንገት ታመመ። አንዷ ዘመድ ሞተባት። ዮናስ ደግሞ፣ በየወሩ በታታሪነቱ የሚመሰገነው ዮናስ፣ "ታክሲ አጣሁ" ብሎ ላከ። የተመዘገበው ቤቱ ብስራተ ገብርኤል ነው፤ ቢሮውም ብስራተ ገብርኤል ነው፤ ቤቱ ከቢሮው መስኮት ይታያል።

በማግስቱ ቢሮ ደረሰ አሉ፣ የመንገድ ሻንጣውን እየጎተተ።