ባለ በረዶው ኤዱልጂ ካካ እና አርባ ሦስቱ ባራፍዋላዎች

እኛ ፓርሲዎች፣ ከፋርስ መጥተን ሕንድ የቀረን ሕዝቦች፣ የምንኖርበት እያንዳንዱ ግቢ አንድ የሚያፈስ የውሃ ታንከር፣ ሁለት የተኳረፉ እህትማማቾችና አንድ የስም ሊቅ አለው። ታንከሩ ሊጠገን ይችላል። እህትማማቾቹም አንድ ቀን ሰርግ ላይ ተላቅሰው ይታረቁ ይሆናል። የስም ሊቁን ግን ከቦታው የሚያነቃንቀው ኃይል እስካሁን አልተገኘም።

ይህን ሰው ያውቁታል። ሰላም ብለው ስምዎን ሲነግሩት እንደማንኛውም ጤነኛ ሰው «ደህና ነዎት?» አይልም። አንገቱን ዘንበል፣ አንድ ዓይኑን ጨፈን ያደርግና «የትኛው?» ይላል። «ባትሊዋላ ነኝ» ካሉት አለቀልዎ። «የትኛው ባትሊዋላ? ጠርሙስ የሚሸጠው፣ ጠርሙስ የሚሰበስበው ወይስ ጠርሙስ የሚጨርሰው?» ከዚያ በኋላ የቅድመ አያትዎን ጉድ ሳይሰሙ ወደ ቤትዎ አይገቡም።

የእኛ ግቢ ሊቅ፣ የቦምቤዩ ዳዳር ሰፈር ሊቀ ሊቃውንት፣ ክቡር ወልዑል ኤዱልጂ ባራፍዋላ ናቸው። ግቢው በሙሉ ኤዱልጂ ካካ ይላቸዋል፤ አጎቴ እንደማለት ነው። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የባቡር ጊዜ ሰሌዳ ሲያርሙ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ባቡሮቹን ማረም ስላልቻሉ ወደ ሰው ዞሩ። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ለብቻቸው አምስተኛ ፎቅ ይኖራሉ። እኔ ከሚስቴ ከፍሬኒ ጋር ሁለተኛ ፎቅ ነኝ። ስሜ ኬርሲ ዱባሽ ይባላል። የትኛው ዱባሽ እንደሆንኩ እሳቸውን ጠይቁ፤ እኔ ሁልጊዜ ይጠፋኛል።

አንድ ጊዜ ለቡአ ቀዶ ጥገና ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሙ ማደንዘዣ እያስወጋቸው «እኔ ዶክተር ሚስትሪ ነኝ፤ አይዞዎት» አላቸው። ካካ «ሚስትሪ… የትኛው…» እንዳሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ዓይናቸውን ሲገልጡ፣ ገና አፋቸው ሳይፈታ፣ «…የሱራቱ መርከብ ጠራቢ ወይስ የቢሊሞራው በር ሠሪ?» አሉ። ነርሷ ወደ ሐኪሙ ሮጠች። ሐኪሙም ወደ እናቱ ደወለ። የበር ሠሪው ሆኖ ተገኘ።

በእኅቴ ልጅ ሰርግ ላይ ደግሞ ሁለት መቶ ሰው ከኋላቸው ተሰልፎ እየጠበቀ፣ የሙሽራዋን እጅ እንደጨበጡ፣ አዲሱ የቤተሰብ ስሟ ፑኔ ውስጥ ሙሉ በሙሉ መጥፋቱን አበሰሯት። «አንድ የቀሩት ሽማግሌ ነበሩ፤ እሳቸውም ባለፈው ክረምት ሄዱ። እንግዲህ ተስፋው አንቺ ላይ ነው!» ሙሽራዋ አለቀሰች። ካካ የደስታ እንባ መስሏቸው መሐረብ አቀበሏት።

ይህ ሁሉ ግን በሰው ስም ላይ ነው። በራሳቸው ስም ላይ ሲመጡ ወንበር ስቦ ከመቀመጥ ሌላ ምርጫ የለም።

ባራፍ በረዶ ነው፤ ዋላ ደግሞ «ባለ»። ባለ በረዶው። እንደ ካካ አተራረክ፣ በቅድመ አያታቸው አባት በቤራምጂ ዘመን፣ ከአሜሪካ የተነሳች መርከብ የመጀመሪያውን በረዶ ጭና ቦምቤይ ወደብ ደረሰች። ያ የሚያጨስ ነጭ ድንጋይ ሲታይ ሕዝቡ ተበተነ። ቤራምጂ ብቻ ደረታቸውን ነፍተው ወደ ፊት ወጡ፤ በባዶ ትከሻቸው ተሸክመው እስከ እንግሊዙ ገዢ ቤት አደረሱት። «ገዢው ቀመሰና አለቀሰ!» ይላሉ ካካ፣ የራሳቸውም ድምፅ እየተንቀጠቀጠ። ታሪኩን መጀመሪያ ስሰማ በረዶው ሻንጣ ያክል ነበር። ባለፈው ዓመት ታክሲ አክሏል። በቦምቤይ ሙቀት ሳይቀልጥ የሚያድግ በረዶ እሱን ብቻ ነው የማውቀው።

አሁን በዓለም ላይ ያሉት ባራፍዋላዎች አርባ ሦስት ናቸው። ካካ ባለቤት ዶሮዎቹን እንደሚያውቅ ነው የሚያውቋቸው። ቦምቤይ አሥራ አንድ፣ ቶሮንቶ ዘጠኝ፣ ሲድኒ ስድስት፣ ናቭሳሪ አራት፣ ሂውስተን አራት፣ ካራቺ ሦስት፣ ለንደን ሦስት፣ ፑኔ ሁለት፣ ሆንግ ኮንግ አንድ። ልጅ ሲወለድ በስልክ እልል ይላሉ፤ ሴት ልጅ አግብታ ስሟን ስትቀይር ሁለት ቀን ራሳቸውን ያማቸዋል።

እንግዲህ ባለፈው ጥር ካካ ትልቁን ሐሳብ አመጡ፤ ባራፍዋላዎች ሁሉ ዳዳር ይሰብሰቡ፤ በግቢያችን አዳራሽ ግድግዳ ላይም የቤራምጂ ጀብዱ የተቀረጸበት እብነ በረድ ይመረቅ። አራት ወር ደብዳቤ ጻፉ፣ ደወሉ፣ ለመኑ፣ አስፈራሩ። እሳቸውን ጨምሮ አሥራ ሰባት ባራፍዋላ ተገኘ። ካካ ነጩን የክብር ልብሳቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው እያንዳንዱን እንግዳ ጉንጩን ይዘው «አፍንጫውን አያችሁት? ይሄ የቤራምጂ አፍንጫ ነው!» ይሉ ነበር። አንዱ ታክሲ ነጂ ነበር፤ ሻንጣ ሊያወርድ የገባ።

እብነ በረዱ በቀይ መጋረጃ ተሸፍኖ ምረቃውን ይጠብቃል። ከምረቃው በፊት ግን ምግብ ይቅደም ተባለና የሙዝ ቅጠል ተዘረጋ፤ በቅጠል የተጠቀለለው ዓሣ መጣ፣ ቀዩ ሶዳ ተከፈተ። ከጎኔ ባኑባይ ባራፍዋላ ተቀምጠዋል፤ የናቭሳሪ ሴት፣ ሰማንያ አራት ዓመታቸው፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ አጥንት በጥርሳቸው የሚሰብሩ። ዓሣቸውን እየፈለፈሉ ከቶሮንቶ ወደመጡት ልጆች ዞሩ።

«እናንተ፣ አያታችሁ በረዶውን ቁምሳጥን ውስጥ እንደቆለፈው ነግረዋችኋል አይደል?»

ልጆቹ አልሰሙም ነበር። ማናችንም አልሰማንም ነበር።

«ኧረ ተዉ! ናቭሳሪ እኮ ሕፃን የሚተኛው በዚህ ተረት ነው» አሉና ቀጠሉ። «ቤራምጂ አንድ ብሎክ በረዶ ገዛ። የልጁ ሰርግ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ለሰርጉ ይሁን ብሎ በአዲስ ሐር ጠቅልሎ ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፈበት፤ ቁልፉን ወገቡ ላይ አሰረ። በማግስቱ ሲከፍት ሐሩ ብቻ! ጎረቤቱን በሌብነት ከሰሰው።»

«ፍርድ ቤት?» አለች አንዷ ልጅ።

«ፍርድ ቤት! ዳኛው ‹ቁምሳጥኑ ውስጥ ውሃ አልነበረም ወይ?› ብሎ ጠየቀው። ‹ነበረ ጌታዬ!› አለ ቤራምጂ፤ ‹ሌባው በረዶዬን ወስዶ ውሃ ተካበት!›»

አዳራሹ ፈረሰ። የቶሮንቶው ሰውዬ ሶዳው በአፍንጫው ወጣ። ባኑባይም በሳቁ ሞቅ ብሏቸው ጨረሱት፤ «ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈር ልጅ ሁሉ ከኋላው እየተከተለ ባራፍዋላ! ባራፍዋላ! ይለው ጀመር። ይኸው እኛም ባራፍዋላ ሆነን ቀረን።»

ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር። ካካ ከወዲያ ጫፍ ተነስተው መጡ። «ማስረጃ» አሉ ዝግ ብለው። ባኑባይ ቦርሳቸውን ከፍተው የተጣጠፈ አሮጌ ወረቀት አወጡ፤ የክሱ ግልባጭ ነው፤ ለዘመዶች ለማሳየት ብለው ይዘውት የመጡ። ካካ መነጽራቸውን አድርገው ቆመው አነበቡት። ሥሩ ላይ የቤራምጂ ፊርማ አለ። ወረቀቱን በቀድሞ እጥፋቱ መልሰው አጠፉት፣ ለባኑባይ ሰጡ፣ «አመሰግናለሁ» አሉና ወጡ። መጋረጃውን የገለጠው ሰው አልነበረም።

ባኑባይ ወደ ባቡር ስሸኛቸው እጄን አልለቅ አሉ። «ኬርሲ፣ እኔ እኮ የሚያውቁት መስሎኝ ነው። ላስቅ ብዬ ሰውየውን ገደልኳቸው። አደራ፣ ብቻቸውን አትተዋቸው።»

ካካ ለዘጠኝ ቀን በራቸውን ዘጉ። ግቢው የማይታመን ጸጥታ ሆነ፤ መጀመሪያ ላይ፣ ልዋሽ አልፈልግም፣ ደስ ብሎን ነበር። ሰው ከሊፍት ወርዶ በቀጥታ ሥራው ይገባል። በአራተኛው ቀን ግን አንዲት ወጣት ሐኪም ክሊኒክ ልትከፍት መጣችና «ዳሩዋላ እባላለሁ» አለች፤ ባለ አረቄው ማለት ነው። «እንኳን ደህና መጣሽ» አልናት። አለቀ። ልጅቷ ትንሽ ቆማ ጠበቀች፤ ቅር ብሏት ሄደች። ቅድመ አያቷ አረቄ ይጥመቅ አረቄ ይጠጣ የሚጠይቃት አጥታ!

በዘጠነኛው ቀን ሐሙስ ጠዋት ፍሬኒ ዳንሳክ፣ ምስርና ሥጋ አብሮ የሚበስልበትን ወጥ፣ ሠርታ በሳህን ከድና እጄ ላይ አስቀመጠችና በሩን አሳየችኝ። ወጣሁ። አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«ኬርሲ ነኝ፣ ካካ።»

አርባ ዓመት ስንተዋወቅ ይህን በሰማሁ ቁጥር የሚከተለው «የትኛው ኬርሲ?» ነበር። አሁን «እሺ» ብለው ከፈቱ። ያኔ ነው በእውነት የደነገጥኩት። ከስተዋል፤ ጺማቸውን አልተላጩም።

ክዳኑን አንስተው አሸተቱ። «ዳንሳክ? ማን ሞተ?» ከሐዘን በኋላ የምንበላው ነውና።

«ማንም አልሞተም። ፍሬኒ ይብሉ ብላ ነው።»

ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ አልነኩትም። «አርባ ዓመት ውሸት ስነዛ ኖርኩ፣ ኬርሲ። አስታውስ እንጂ፣ ሲድኒ ያለው ልጅ በእኔ ወሬ ልጁን ቤራምጂ ብሎታል። ገዢው አለቀሰ እያልኩ! ማንም አላለቀሰም!»

«ቤራምጂ ራሳቸው አልቅሰው ይሆናል» አልኩ።

አልሳቁም። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ያያሉ። እኔ በተፈጥሮዬ ውሸት አልችልም፤ ፍሬኒ ምስክሬ ናት። ግን አፌ ብቻውን ተከፈተ።

«ሦስተኛ ፎቅ አዲስ ተከራይ ገብቷል።»

«ይግባ።»

«ስሙ ግራ አጋብቶናል። ግቢው ውስጥ የሰማው ሰው የለም።»

«ማን ይባላል?» አሉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ።

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ቀና ስል ጣሪያቸው ላይ ያለው ማራገቢያ አንድ ክንፉ ተሰብሮ በሽቦ ተንጠልጥሏል። «ፓንካቱታዋላ» አልኩ። ባለ ስባራ ማራገቢያው ማለት ነው። ስናገረው ራሴም አፈርኩ።

ካካ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ሱራት ደርሰው፣ ባሩች ገብተው፣ ናቭሳሪን አስሰው፣ ካራቺ ተሻግረው እንደተመለሱ በፊታቸው ላይ አየሁ። ቀጥሎ ከእኚህ ሰው አፍ ሰምቼው የማላውቀውን ቃል አሉ።

«አላውቅም።»

ዓይናቸውን ሲገልጡ ሌላ ሰው ሆነዋል። «አላውቀውም፣ ኬርሲ! ሰምቼው አላውቅም! አዲስ ስም!» ኮፍያቸውን አጠለቁ፣ አንድ እግራቸውን ነጠላ ጫማ ሌላውን የቆዳ ጫማ አድርገው፣ በውስጥ ልብሳቸው ደረጃውን ተያያዙት። «እርሳስ አለህ? ሊፍቱን ተወው፣ እስኪመጣ ሰውየው ይሸሸናል!»

አራተኛ ፎቅ ላይ ደርሼ ያዝኳቸው። ትንፋሼ ተቆራርጧል። «ካካ፣ ይቅር ይበሉኝ። ተከራይ የለም። ስሙን እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

ቆሙ። «ፈጠርከው?»

«አዎ።»

«ከየት አምጥተህ?»

«የእርስዎን ማራገቢያ አይቼ።»

ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አስለቀስኳቸው ብዬ ጎንበስ ስል በሳቅ ፍርፍር እያሉ ነው። «ዛሬ ሐሙስ ነው አይደል? ስንት ሰዓት ነው?»

«ሊሆን ነው አምስት ሰዓት።»

«ጻፍ! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስምን ከጅራቱ ስከተል ኖርኩ፤ ሲወለድ አይቼ ግን አላውቅም። ዛሬ ዓይኔ እያየ ተወለደ! አባት፣ ኬርሲ። ምክንያት፣ ውሸት። ቦታ፣ የእኔ ጣሪያ። ብዛት፣ አንድ። የውልህ፣ የቤራምጂም እንዲሁ ነበር የሆነው! አንድ ሞኝ ሰው፣ አንድ ክፉ ቀን፣ የሚስቅ ጎረቤት። አለቀ!» ተነስተው ግንባሬን ሳሙኝና ወደ ላይ ተመለሱ፤ ዳንሳኩን ጠርገው በሉ።

በማግስቱ ጠራቢውን አስጠርተው እብነ በረዱን ገለበጡት። አሁን በጀርባው ላይ የቤራምጂ የፍርድ ቤት ቃል ተቀርጿል፤ ባኑባይ ከናቭሳሪ መጥተው መጋረጃውን ገለጡ። ለቀሩት ሃያ ስድስት ባራፍዋላዎችም ካካ አንድ በአንድ እየደወሉ «የነገርኩህ ውሸት ነው፤ እውነቱ ይበልጣል» አሏቸው። ዶክተር ዳሩዋላም ሄደው ስሟን ጠየቋት፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ በሽተኛ አላየችም።

እኔ ግን ዱባሽነቴ አከተመ። ወተት አምጪው ሳይቀር ፓንካቱታዋላ ይለኛል። ፍሬኒ «እኔ ዱባሽ ሆኜ እሞታለሁ» ብላ አሻፈረኝ አለች። ሜልቦርን ያለችው ልጄ ግን ስትሰማ እንባዋ እስኪወርድ ስቃ «እኔንም ቁጠሩኝ» አለች፤ ካካ በዚያው ቀን «ቦምቤይ አንድ፣ ሜልቦርን አንድ» ብለው ስርጭቱን አወጁ።

ትናንት እንደገና ደወለች። «አባባ፣ ተቀምጠሃል? ሰኔ ላይ አያት ትሆናለህ።»

ስልኩን ሳልዘጋ ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ወጣሁ። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ ያመኛል፤ ሊፍቱ ደግሞ እዚያው በር ላይ ቆሞ ነበር። ሦስቱን ፎቅ በደረጃ ሮጬ ወጥቼ «ሜልቦርን ሁለት!» እያልኩ የካካን በር በሁለት እጄ ስደበድብ ነው ትዝ ያለኝ፤ ለፍሬኒ እንኳ ገና አልነገርኳትም።