የማይረገጠው ድልድይ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ልትሉኝ አፋችሁን አታዘጋጁ። የዛሬው ተረት የላም አይደለም፣ የጎሽ ነው፤ በረትም የለውም። ያለው አንድ ጫካ፣ አንድ ወንዝና አንድ ድልድይ ነው።

ወንዙ ጫካውን ለሁለት ይከፍለው ነበር። ወዲህ በኩል ሳርና ጥላ፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ እንስሳት ሁሉ የሚልሱት ጨዋማ አፈር። ጨው ያልላሰ ይከሳል፤ የከሳ ለጅብ ይመቻል፤ ስለዚህ መሻገር የግድ ነበር።

የሚያሻግረው ባሻ ጎሽ ነው። በጅቦቹ ጦርነት ጊዜ በወንዙ መሻገሪያ፣ መልካው ላይ ተገትሮ «በእኔ በኩል ማንም አያልፍም» ብሎ ጫካውን ያተረፈ እሱ ነው። የኋላ እግሩንም የተነከሰው ያኔ ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ እዚያው ውሃ ውስጥ ቀረ። ትንንሾቹን በጀርባው ተሸክሞ፣ ትልልቆቹን በጎኑ አስጠግቶ ሲያሻግር ኖረ። አጋዡ እመት አህዪት ነበረች። የሰው ቤት ጭነት መሮአት ወደ ጫካ የጠፋች ናት፤ ጫካውም ጀርባዋን ሲያይ ወዲያው ሥራ ሰጣት። መንቀሳቀስ ላቃታቸው ሽማግሌዎችና በሽተኞች ጨዋማውን አፈር ስታመላልስ አረጀች። በዚያ ጫካ የመንግሥት ሠራተኛ ማለት እሷ ነበረች፤ ደመወዟም «ተባረኪ» ነበር።

ባሻ ሲያረጅ የተነከሰው እግሩ ቀዝቃዛ ውሃ እምቢ አለ።

«አህዪት» አላት አንድ ቀን፣ «መጪውን ክረምት ውሃ ውስጥ የምወጣው አይመስለኝም።»

አህዪት ነገሩን ለጫካው ጉባኤ አቀረበች። ሊቀ መንበሩ አቶ ከርከሮ ብድግ አለና «ባለውለታዎቻችንን ውሃ ውስጥ ትተን እንዴት እንቅልፍ ይወስደናል?» አለ። ይህን ሲል ገና ከእንቅልፉ መንቃቱ ነበር። ጉባኤው አጨበጨበ፤ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኮሚቴውም «የአገር ባለውለታዎች መታሰቢያ ድልድይ» እንዲሠራ ወሰነ።

«መታሰቢያ?» አለ ባሻ ወሬውን ሲሰማ። «እኔ መቼ ሞትኩ?»

«ዝም በል ባሻዬ፤ እግርህ ይድረቅ እንጂ እንዳሻቸው ይጥሩት» አለችው አህዪት።

ድልድዩ ተሠራ። እውነት ለመናገር ያምር ነበር። ግንደ ቆርቁር የተባለው ወፍ የባለውለታዎቹን ስም በየሳንቃው ላይ ቀረጸ፤ የመጀመሪያው ሳንቃ ላይ «ባሻ ጎሽ»፣ ሁለተኛው ላይ «እመት አህዪት»፣ ከዚያ በጦርነቱ ያለቁት ሁሉ። በምረቃው ቀን ጫካው ግልብጥ ብሎ ወጣ። የሐረግ ሪባን ተዘረጋ፤ አቶ ከርከሮ በጥርሱ በጠሰው። ባሻ ቀንዱ ላይ ቅጠል ተጠምጥሞለት ከፊት ቆሟል። ንግግሩ አልቆ «ይኸው ድልድያችሁ!» ሲባል፣ ያቺን የምታመውን እግር ደረቅ እንጨት ላይ ሊያሳርፋት ቸኩሎ ወደ ፊት ተራመደ።

«ቁም!» አለች እመት ጦጢት። የጉባኤው የሕግ አማካሪ ናት። «ስም ልታጠፋ ነው!»

ባሻ ግራ ገባው። ጦጢት ጉሮሮዋን ጠረገችና ለሕዝቡ አስረዳች። «ስሙ የተቀረጸው ሳንቃው ላይ ነው። ሳንቃ ሲረገጥ ይበላል፤ ሲበላ ስሙ ይጠፋል። ስም ማጥፋት ደግሞ በሕጋችን ያስቀጣል።»

ሕጉ የወጣው አንዲት ቆቅ አቶ ከርከሮን «ፊቱ ሲያስፈራ!» ያለችው ጊዜ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ በእሷ ላይ እንጂ በሌላ ላይ ሠርቶ አያውቅም።

«ታዲያ መደገፊያው ላይ ብትጽፉት ምን ነበረበት?» አለች አህዪት።

«መደገፊያው በኮሚቴው አባላት ስም ሞልቷል» አለ አቶ ከርከሮ።

ይህም እውነት ነው። እዚያ ጫካ ውስጥ ደግሞ ድልድይ ተደግፎ የሚሄድ እንስሳ ስለሌለ፣ የኮሚቴው ስም እንደማይጠፋ የተረጋገጠ ነበር።

ድልድዩ እንዳይረገጥ ጠባቂ ተቀጠረለት። ከጦርነቱ በኋላ ሥራ ፈተው የተቀመጡ ጅቦች ነበሩና አንዱን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ አቆሟቸው። ሕዝቡም እንደ ዱሮው በውሃው ይሻገር ጀመር። ባሻን ተደግፎ እየተሻገረ ወደ ላይ ቀና ይልና «እንዴት ያምራል! እንዲህ ነው እንጂ ባለውለታን ማክበር!» ይላል። ባሻም አልፎ አልፎ ስሙን ለማየት ያንጋጥጥ ነበር፤ ከሥር ሲያዩት ግን የሚታየው የሳንቃው ጀርባ ብቻ ነው።

«ላም አለኝ በሰማይ» ይል ነበር እየሳቀ። እግሩ ግን አያስቀውም ነበር።

ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን ከላይ ዘንቦ ደራሽ ውሃ መጣ። የሚዳቋ ግልገሎች ጨው ሊልሱ ሄደው ወዲያ ማዶ ቀርተው ነበር። የወዲያኛው ጠባቂ ጅብ ብቻቸውን መሆናቸውን አይቶ ቀረብ ቀረብ ይል ጀመር። እናታቸው ወዲህ ሆና ትጮሃለች። ባሻ ውሃውን አየው፤ እግሩን አየው፤ ከዚያ ወደ ድልድዩ ወጣ። የወዲህኛው ጠባቂ መንገድ ሊዘጋ ፈለገ፤ ነገር ግን የዱሮው ጦርነት ትዝ አለውና ዞር አለ። ባሻ ተሻግሮ ሁለተኛውንም ጅብ አራቀና ግልገሎቹን በጀርባው አድርጎ፣ ጠብ የምትል ውሃ ሳትነካቸው በድልድዩ አመጣቸው። ሚዳቋ እግሩ ላይ ወድቃ አመሰገነችው።

በማግስቱ ችሎት ቆመ።

ዳኛው ጉሬዛ ነበር። ካባ ለብሶ ስለተወለደ ዳኝነቱን የሚጠራጠር አልነበረም።

«ተከሳሽ ማን ነው?» አለ።

«ባሻ ጎሽ» አለች ጦጢት።

«ስሙ የጠፋውስ?»

«እሱም ባሻ ጎሽ ነው፤ የአገር ባለውለታ። በመጀመሪያው ሳንቃ ላይ ‹ሻ› ፊደል ተፍቃለች።»

ተሰብሳቢው አጉረመረመ። እንዲህ ያለውን ጀግና መድፈር!

«ስሙ የእኔ ነው፤ እኔም ይቅር ብዬዋለሁ» አለ ባሻ።

«ተከሳሽ ለራሱ ምስክር አይሆንም» አለች ጦጢት። ዳኛውም ልክ ነሽ አላት።

አህዪት ይህን ጊዜ አልቻለችም። «ጌታዬ፣ እግሩ ውሃ አይችልም። ድልድዩን ከከለከላችሁት በዚህ ክረምት ይሞታል» አለች።

«ሕጉ ስለ ስም እንጂ ስለ እግር አይናገርም» አለ ጉሬዛ። ከዚያም ፈረደ፤ ባሻ ዳግመኛ ድልድዩን እንዳይረግጥ፣ ለጥፋቱም ሕዝቡን ክረምቱን ሙሉ በውሃው እንዲያሻግር።

«ይህን ዱሮም ይሠራ የለም እንዴ?» አለ አንድ ድኩላ ከኋላ።

«እንግዲያው ቅጣቱ ተቃሎለታል» አለ ጉሬዛ፤ ደግነቱም ራሱን አስደሰተው።

አህዪት አለቀሰች። አህያ ሲያለቅስ ማናፋት ስለሚመስል ችሎቱ ሳቀ። ባሻ ግን አልሳቀም፤ ግንባሩን በአንገቷ ላይ አሳርፎ ቆየና ወደ መልካው ወረደ።

ብዙም አልቆየ። ውሃው በሞላበት አንድ ረፋድ ልጆቹን ሁሉ አሻግሮ፣ የመጨረሻዋን ግልገል በአፍንጫው ወደ ዳር ሲገፋት ያቺ እግር ከዳችው። አህዪት ከዳር ሆና «ባሻዬ!» እያለች ውሃውን ተከትላ ሮጠች። ውሃው ከእሷ ይፈጥን ነበር።

ኀዘኑ ታላቅ ሆነ። ሕዝቡ በወንዙ ዳር ተሰበሰበ። አቶ ከርከሮ አለቀሰ፤ ጦጢት አለቀሰች፤ ጠባቂዎቹም ሬሳው የት እንደወጣ ደጋግመው ጠየቁ። ለግንደ ቆርቁር የባሻን ስም አጥልቆ እንዲያድሰው፣ የተፋቀችውንም «ሻ» እንዲመልስ ትእዛዝ ተሰጠው። እሱ የሚበር ስለሆነ አይረግጥም ተብሎ ታልፏል።

«ወገኖቼ» አለ አቶ ከርከሮ በመጨረሻ ወደ ድልድዩ እየጠቆመ፣ «አባቶቻችን እንዳሉት ስም ከመቃብር በላይ ይውላል!»

«እውነትዎን ነው ጌታዬ» አለች አህዪት። «ያውም ሳይረጥብ።»

አቶ ከርከሮ የተመሰገነ መስሎት አንገቱን ዝቅ አደረገ። ሰዓቱ የጨው ሰዓት ነበርና ልጆቹ ተርበው ወደ ማዶ ያያሉ፤ ትልልቆቹ ደግሞ አንድ በአንድ የአህዪትን ጀርባ ማየት ጀመሩ።

አህዪት ወደ ውሃው ወረደች። ውሃው ሆዷ ድረስ ሲደርስ ቀና ብላ፣ ድልድዩ ላይ ሳንቃ የሚቆረቁረውን ወፍ ጠራችው።

«አንተ ግንደ ቆርቁር! እዚያው ሳለህ ሁለተኛውንም ሳንቃ አጥልቅልኝ። ክረምቱ ገና ነው።»