ላስቲኩን የማይልጥ ሰው

አዲስ ዕቃ ገዝቶ ላስቲኩን የማይልጥ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ሪሞቱም ፍሪጁም እንደታሸጉ ያረጃሉ። ለማን እንደሚጠብቃቸው እንጃ።

ለሚ ኩራ ያለው ጎረቤቴ ከድር እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ አዲስ ፕሮሰሰርና ማቀዝቀዣ ከገባለት ወዲህ እየጋለ ይጠፋል፤ እናቱ ደግሞ የሟች ባላቸውን ቪዲዮ ሊያዩ ነገ ከወሎ ይመጣሉ። እንዳይለት ጠርቶኝ ማቀዝቀዣውን ብፈታው፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚያርፈው ፊቱ ከነላስቲኩ ነው፤ ሙቀቱን አፍኖታል።

«ምነው አልላጥከውም?»

«እንዳይጫር ብዬ ነዋ፣ ወንድሜ!»

ልጬ መልሼ ገጠምኩት። ቪዲዮው ሳይቋረጥ ሄደ። አባቱ እኛ በተቀመጥንበት በዚሁ ሶፋ ጠርዝ ላይ፣ ያኔ አዲስ ሳለ፣ ተቀምጠው ይስቃሉ፤ በተንቀሳቀሱ ቁጥር የሶፋው ላስቲክ ይንኮሻኮሻል። ከድር እስከ መጨረሻው አየው። ከዚያ ተነሥቶ ዛሬም ያልተላጠውን የሶፋውን ላስቲክ ይቦጫጭቅ ጀመር።

«እማ እንኳን ጨርቁ ላይ ትቀመጥ» አለ።