የእመት ከርከሮ የኪራይ ሽንት ቤት

ተረቴን ልጀምር ነውና ጆሮ ያለው ይጠጋ፤ አፍንጫ ያለው ደግሞ ይታገሥ።

ከብዙ ዘመን በፊት፣ ወንዝ በሚያቋርጠው አንድ ትልቅ ጫካ ውስጥ፣ ለአንበሳ የሚገዙ አውሬዎችና እንስሳት ይኖሩ ነበር። አንበሳው አንድ ቀን የአባቴ ዋሻ ጠበበኝ አለ። ዋሻው እንኳን አልጠበበም፤ የማዶው ጫካ ነብር የድንጋይ አዳራሽ አሠራ የሚል ወሬ ሰምቶ ነው። ስለዚህ ከኮረብታው ራስ ላይ፣ ከነብሩ በአንድ ክንድ የሚበልጥ አዳራሽ ይሠራልኝ ብሎ አዘዘ።

ሥራውን የወሰደው አያ ጅቦ ነበር። አያ ጅቦ ከዚያ በፊት የገነባው ነገር አልነበረም፤ ያፈረሰው ግን ብዙ ስለነበር ልምድ አለው ተባለ። ሠራተኛ እንዳይሸሽበትም፣ አዳራሹ እስኪያልቅ ድረስ ሥጋ በል የሆነ ሁሉ ድንጋይ ተሸካሚን እንዳይበላ ታወጀለት። አህዮቹ አዋጁን ሲሰሙ «ይኼማ ትልቅ ጥቅማ ጥቅም ነው» ተባብለው ተቀጠሩ።

ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ ከኮረብታው ግርጌ ነበር። አህዮች ከካባው ይጭናሉ፤ በሬዎች ይጎትታሉ፤ ዝንጀሮዎች ከላይ ሆነው ይደረድራሉ። ዛፉና ቁጥቋጦው ሁሉ ለመወጣጫ ተቆርጦ ስላለቀ አገሩ እንደ መዳፍ የተራቆተ ነበር። አያ ጅቦ ስለ ድንጋዩ አስቧል፤ ስለ ጭቃው አስቧል፤ መቶ ሠራተኛ ከጠዋት እስከ ማታ ሲውል የት እንደሚጸዳዳ ግን አላሰበም። ወንዶቹ ወንዙ ዳር እየሄዱ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ፊታቸውን ካዞሩ ማንም የሚያያቸው አይመስላቸውም።

ከሠራተኞቹ መካከል ደብሪቱ የምትባል አህያ ነበረች። ጨዋና ዓይነ አፋር ነበረች። እናቷ «ሴት ልጅ ጅራቷን የምታነሣው ሲመሽ ነው» ብላ አሳድጋታለች። ስለዚህ ሲነጋ ወደ ካባው ትመጣለች፤ ጀንበር እስክትጠልቅ ትይዛለች። መያዙ ሲከብዳት መላ ዘየደች፤ ውኃ መጠጣት ተወች። በቀትር ፀሐይ ድንጋይ ተሸክማ ስትወጣ ምላሷ ከላንቃዋ ይጣበቃል፤ ወንዙ ከጎኗ እየተንሿሿ ይወርዳል፤ እሷ ግን ዓይኗን ከወንዙ ላይ ነቅላ ትሄዳለች። እንዲህ ሆና ሦስት ክረምት አሳለፈች። በሦስተኛው ክረምት ወገቧን እንደ እሳት ያቃጥላት ጀመር።

ለፎርማኑ ለዝንጀሮ ነገረችው።

«ወገቤን እያቃጠለኝ ነው። ሽንቴም እሺ አይለኝም።»

ዝንጀሮው ቀና ብሎም አላያት። «ይኼ ሕመም አይደለም፤ ሥራ ነው» አላት። «ድንጋዩን አንሺ።»

ከወንዙ ታች የሚኖሩት ሚዳቋዎች ልጆቻቸው በሆድ በሽታ አለቁባቸው። ሦስት ጊዜ አቤት አሉ፤ የሰማቸው የለም። በአራተኛው ጊዜ ግን የአንበሳው መጠጫ ውኃ ሸተተና በዚያው ቀን ጉባኤ ተጠራ።

ጉባኤው ከጠዋት እስከ ቀትር ተቀመጠ። ነገሩን በስሙ የሚጠራ ግን ጠፋ። አንዱ «ያ የታወቀው ጉዳይ» አለ። ሌላው «ከምግብ በኋላ የሚመጣው ነገር» አለ። አንድ ሽማግሌ ቀበሮ ተነሥቶ «የተፈጥሮ ጥሪ» ቢባል ክብርም እውነትም ይኖረዋል ብሎ ሐሳብ አቀረበና ጭብጨባ አገኘ። አስተያየቱ እየተንዛዛ ሳለ ከወደ ኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ መጣ።

«ሽንት ቤት ነው የምትሉት?»

ጉባኤተኛው ሁሉ ዞረ። የተናገረችው እመት ከርከሮ ነበረች። ገና ሲያዩዋት አፍንጫቸውን ያዙ።

እመት ከርከሮ ባሏ የሞተባት ሠራተኛ ሴት ነበረች። ወፍራም ግንድ ቦርቡራ፣ በር ገጥማ፣ ከሥሩ ጋን አስቀምጣ፣ በጎኑ አመድ ሞልታ የምታከራያቸው ስድስት ሽንት ቤቶች ነበሯት። በሁለት በሬ እያስጎተተች ተከራዩ የፈለገው ቦታ ታደርስለታለች። ጃርት ጉድጓዱን ሲያድስ ከሷ ተከራይቷል። ፍልፈል ሳሎን ሲጨምር ከሷ ተከራይቷል። የጉባኤው ሰብሳቢም ባለፈው በጋ ጣሪያውን ሲያስቀይር ተከራይቷል። ገበያ ላይ ሲያገኟት ግን የሚያውቃት የለም። የነሱን ጉድ እየጠረገች፣ የምትሸተው እሷ ነበረች።

«አመጣለሁ፤ በሦስት ቀን አንድ ጊዜ እየመጣሁ አጸዳለሁ፤ ሥራው ሲያልቅ እወስዳለሁ» አለች። «ኪራዩ ያው የታወቀው ነው፤ በሳምንት አንድ ቁና ሥራ ሥር።»

ጉባኤው ተስማማ። ስድስቱም ሽንት ቤቶች ከካባው አጠገብ ተደረደሩ።

በማግስቱ የጤና ተቆጣጣሪው መጣ። ተቆጣጣሪው ጉሬዛ ነበር፤ ነጭ ኩታውን የሚጠነቀቅለት፣ እግሩ መሬት ነክቶ የማያውቅ ሹም። በሩቅ ከቀረው ዛፍ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል አየ፤ ስድስት ጣሪያ ቆጠረ፤ «ተሟልቷል» ብሎ አንገቱን ነቀነቀና ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለ ሄደ።

የዚያን ቀን ደብሪቱ ከአንዱ ገብታ በሩን ዘጋች። አህያ ናትና ሜዳ ላይ ተወልዳ ሜዳ ላይ አድጋለች፤ በዕድሜዋ በር ዘግታ አታውቅም። ማንም አያያትም። ማንም «ድንጋዩን አንሺ» አይላትም። ስትወጣ ዓይኗ እንባ አቅሮ ነበር። ቀጥ ብላ ወደ ወንዙ ወረደችና ከላይ ከንጹሑ በኩል እስክትረካ ጠጣች።

ይኼ የቆየው ለአንድ ሳምንት ነው።

በሁለተኛው ሳምንት አያ ጅቦ ስድስቱንም ሽንት ቤቶች ኮረብታው ላይ አስወጥቶ ከአዳራሹ ጎን አስደረደራቸው። በየበሩ ቁልፍ አንጠለጠለ፤ ሁለት ቀበሮ ዘበኛ አቆመ፤ ዙሪያውን አበባ አስተከለ። በሬዎቹ ምክንያቱን ሲጠይቁት ተቆጣ።

«ለምርቃቱ ከየጫካው እንግዳ ይመጣል። አህያ ከገባበት በኋላ ማን ሊገባበት ነው? እናንተ ሜዳ አላችሁ። ሜዳ ሞልቶ ተርፎ የለም እንዴ?»

ደብሪቱ ውኃ መጠጣቷን መልሳ ተወች። አሁን ግን እንደ በፊቱ አልሆነላትም፤ ማጣት ካገኙ በኋላ ይብሳል። አንድ ቀን በቀትር፣ ከነጭነቷ ዳገቱ ላይ ስትወጣ ዓይኗ ጨለመና ወደቀች። ድንጋዩ ተንከባለለ። ዝንጀሮው ድንጋዩ መሰበር አለመሰበሩን አየና ሄደ።

እመት ከርከሮ በሦስት ቀኗ ልታጸዳ ኮረብታው ላይ ስትወጣ፣ አያ ጅቦ ቢከፍትላት ጋኖቹን ባዶ አገኘቻቸው። ሥራ ቀለለልኝ ብላ ደስ አላት። በሚቀጥለው ጊዜም ባዶ ሆኑ። በሦስተኛው ጊዜ ልቧ ጠረጠረ። ቁልቁል ወደ ካባው ወረደችና ደብሪቱን በተከመረ ድንጋይ ጥላ ሥር ተጋድማ አገኘቻት።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ?»

«ወገቤ ነው። ይሻለኛል።» ደብሪቱ ቀና ለማለት ሞከረች። «ሽንት ቤቶችዎ እንዴት ናቸው እመት?»

«ንጹሕ ናቸው።»

«እሰይ። ንጹሕ ከሆኑ ጥሩ ነው።»

«አይደለም ልጄ» አለች እመት ከርከሮ፤ ከአጠገቧ ተቀመጠች። «እኔ በዚህ ሥራ አርጅቻለሁ። ንጹሕ ሽንት ቤት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የተጠረገ ነው፤ ሌላው የተከለከለ ነው።»

ደብሪቱ አንዳንዱን እያፈረች፣ አንዳንዱን እየዋጠች ነገረቻት። እመት ከርከሮ ሰምታ ስትጨርስ ተነሥታ ወደ አያ ጅቦ ሄደች።

«እኔ ያከራየሁት ለሠራተኛ ተብሎ ነው» አለችው።

«ኪራይሽን አላገኘሽም?»

«አግኝቻለሁ።»

«ታዲያ ማን ገባ፣ ማን አልገባ፣ አንቺን ምን አገባሽ? ይልቅ ከነገ ወዲያ ምርቃት ነው። እንግዳ ፊት እንዳታሳፍሪኝ፣ በደንብ ወልውለሽ አቆዪልኝ።»

እመት ከርከሮ «እሺ» ብላ ወጣች።

በምርቃቱ ቀን ጠዋት ከሁለቱ በሬዎቿ ጋር መጣች። ዘበኞቹን «ለማጽዳት ነው የምወስዳቸው» አለቻቸው። ዘበኞቹ ሲያዩዋት እንደ ልማዳቸው አፍንጫቸውን ይዘው ፊታቸውን አዞሩ። ሽንት ቤት ጠራጊን ትኩር ብሎ የሚያይ ስለሌለ፣ ስድስቱን ሽንት ቤቶች አንድ በአንድ አስጎትታ ከኮረብታው ስታወርድ ማንም አላያት። ካባው አጠገብ ስትደርስ ቁልፎቹን በክራንቻዋ እየነቀለች ጣለቻቸው።

ላይ ድግሱ ደመቀ። የማዶው ነብር ከነአሽከሮቹ መጥቷል። አንበሳው ሙሉ ጎሽ በላ፤ ሦስት ገንቦ ጠጅ ጠጣ። ከዚያ ንግግር ተጀመረ። ንግግር ሳያልቅ ከመቀመጫ መነሣት ነውር ነበር። አያ ጅቦ ስለ ድካሙ ተናገረ። ጉሬዛው ስለ ተሟላው ጤና ተናገረ። ቀበሮው ግጥም አለኝ አለ፤ ግጥሙም ረጅም ነበር። በግጥሙ መካከል አንበሳው ጅራቱን ማወናጨፍ ጀመረ። ቆይቶ አንዱን እግሩን በሌላው ላይ አደረገ። ቆይቶ ወደ አያ ጅቦ ጆሮ ዘንበል ብሎ አንድ ነገር ሹክ አለው።

አያ ጅቦ የቁልፎቹን መክፈቻ እያንቃጨለ ሮጠ። ከአዳራሹ ጎን ሲደርስ ያገኘው አበባውን፣ ዘበኞቹንና ስድስት ቦታ ላይ የተደፈጠጠ ሣር ብቻ ነው።

ኮረብታው ላይ የሚሸሽጉበት አንድ ቁጥቋጦ አልነበረም፤ ሁሉም ለመወጣጫ ተቆርጧል። በአራቱም ማዕዘን እንግዳ ቆሟል። ነብሩ ደግሞ የአንበሳውን ፊት በጥንቃቄ ማየት ጀምሯል። ከታች ግን ከካባው አጠገብ ስድስት ጣሪያ ይታያል። አንበሳው «ካባውን ልጎብኝ» አለና ተነሣ። እርምጃው መጀመሪያ የንጉሥ ነበር፤ ቁልቁለቱን ግማሽ ሲወርድ የሌባ ሆነ።

ሠራተኞቹ ለምርቃቱ ሥራ ፈትተው፣ ውኃ እንደ ልባቸው ጠጥተው ነበርና ከየበሩ ፊት ተሰልፈዋል። አያ ጅቦ ከፊት እየቀደመ «ዞር በሉ፣ ንጉሥ መጥቷል» አለ። ሰልፈኛው ዞር አለ፤ ነገር ግን ስድስቱም በሮች ከውስጥ ተዘግተው ነበር። አያ ጅቦ የቅርቡን በር ደበደበ።

«ማን አለ?»

«አህያ አለች» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

«ውጪ! ጃንሆይ ቆመዋል።»

«እሺ፣ እየጨረስኩ ነው።»

ድምፁ የደብሪቱ ነበር። ልትጣደፍ ብትሞክርም የታመመ ሽንት በጥድፊያ አይመጣም።

አንበሳው ቆመ። ከተወለደ ጀምሮ ለማንም ቆሞ አያውቅም። ሊያገሳ አሰበ፤ ቢያገሳ ሊከተል የሚችለውን ገመተና ተወው። ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ። እመት ከርከሮ የአመድ አካፋዋን ይዛ አጠገቡ ቆማ ነበር።

«ጌታዬ፣ ትንሽ ይታገሡ» አለችው። «እዚህ ጭንቁ ለሁሉም እኩል ነው።»

በሩ ተከፈተና ደብሪቱ ወጣች። ንጉሡን ስታይ ደንግጣ እጅ ነሣች። ከዚያ ፊቱን አየች፤ ጥርሱን ነክሷል፤ ዓይኑ ከሩቅ አንድ ነገር ላይ ተተክሏል። ያንን ፊት ታውቀዋለች፤ ሦስት ክረምት ሙሉ የራሷ ፊት ነበር። ስለዚህ መፍራቷን ትታ አዘነችለት።

«ይግቡ ጌታዬ» አለችው። «አመዱ በስተቀኝ ነው።»

አንበሳው ብዙ ቆይቶ ወጣ። ማንንም ሳያይ ወደ ኮረብታው ተመለሰ። ሠራተኞቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንድ ሽማግሌ በሬ «አሁንስ ገብቶታል» አለ። ደብሪቱም ልቧ ተስፋ አደረገ።

በማግስቱ ጉባኤ ተጠራ። ጉሬዛው ከዛፉ ጫፍ ላይ ሆኖ ጉሮሮውን አጸዳና እንዲህ ሲል አወጀ፦

«ትናንት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በጫካችን አዲስ ሕመም ተገኝቷል። ሕመሙ ወገብን ያቃጥላል፤ ጉልበት ያብረከርካል፤ ከዚህ ቀደም በማንም ላይ ታይቶ አይታወቅም። በጃንሆይ ላይ ስለተገኘም ስሙ የንጉሥ ጭንቅ ተብሏል። ሕመሙ እንዳይዛመት በየግንባታው ቦታ ሽንት ቤት እንዲቆም ታዟል። ትእዛዙን እንዲያስፈጽምም፣ በጉዳዩ ልምድ ያለው አያ ጅቦ ተሹሟል።»

ጉባኤው አጨበጨበ። ፎርማኑ ዝንጀሮ «እንዲህ ያለ ሕመም በእውነት አይተን አናውቅም» ብሎ መሰከረ። እመት ከርከሮ፣ ትሸታለች ተብላ ከጉባኤው ስላልተጠራች፣ ከጓሮ ቆማ ትሰማ ነበር። ደብሪቱ አጠገቧ ነበረች፤ አዋጁ እስኪያልቅ ወገቧን በጓሮው ግድግዳ አስደግፋ አዳመጠች።

«ግቢና ተናገሪ እንጂ ልጄ» አለቻት እመት ከርከሮ። «ሦስት ክረምት አሞኛል በያቸው።»

ደብሪቱ ጆሮዋን ጣል አደረገች።

«ይተውት እመት» አለች። «ትልቁን ሆዱን ካልቆረጠው፣ የትንሹ ሕመም ስም አያገኝም።»