ሦስት ጊዜ የሚጠይቀው ጋሽ ጫኔ

በየከተማው አንድ ነዝናዛ አይጠፋም፤ ጅጅጋ ላይ ይህ ሹመት የተሰጠው ለክቡር ጋሽ ጫኔ ነው። የማደንዘዣ ባለሙያ ነው። መርፌ ከማንሳቱ በፊት ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፦ «ዛሬ ሌላ ቦታ ማደንዘዣ ተወግተሃል?»

ሰው ደግሞ ይዋሻል። እዚህ አገር ለሁለተኛው ሐኪም ስለ መጀመሪያው መንገር፣ ምሳ ለጋበዘህ ሰው ከጎረቤት በልቼ መጣሁ እንደማለት ነው። ጥርሷን ያመማት ነጋዴዋ ሪሐና ሁለቴ «የለም» ብላ ሦስተኛው ላይ ተረታች።

«ቅር እንዳይልህ ብዬ ነው እንጂ፣ ጋሼ፣ ጠዋት ባቢሌ ወግተውኛል። ግን የነሱ ሌላ ዓይነት ነው።»

«መድኃኒቱ ሁለት ቢሆን ልብሽ አንድ ነው።»

ይህን ሲል መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አንዱ ማደንዘዣ በሌላው ላይ ይደመራል፤ ድምሩ ከልክ ካለፈ ሰውነትን ያንቀጠቅጣል፣ ልብ ያቆማል ይላል፤ በሠርግም በለቅሶም። ሰው ሲያየው መንገድ ይቀይራል። እኔም ቀይሬ አውቃለሁ።

አንድ ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ መምህር ናሁሰናይ ነገረኝ። በ2011 ነው። እጁን ስለት ቆርጦት ቀብሪበያ ከተወጋ በኋላ፣ ጅጅጋ ሲደርስ «የለም» ያለ ልጅ። እንደገና ሲወጋ «ምላሴ ብረት ብረት አለኝ» አለ። ከዚያ ጆሮው ጮኸ፤ ከዚያ ተንቀጠቀጠ። አልተረፈም።

«አንዴ ብቻ ነበር የጠየቅሁት» አለኝ ጋሽ ጫኔ።

ባለፈው ወር የራሱን የጋሽ ጫኔን መዳፍ ቆርቆሮ ሰነጠቀው። የሰፈሩ ክሊኒክ ሁለት መርፌ ከወጋው በኋላ «ጅማት ተነክቷል» ብሎ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላከን። በባጃጅ ወሰድኩት። እዚያ ያገኘናት ሱዓድ ሙያውን ያስተማራት እሱ ነው። መርፌዋን ሞልታ «ጋሽ ጫኔ፣ ቀደም ሲል ተወግተዋል?» አለችው።

«የለም።»

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። እሷ አክብራው ደግማ አልጠየቀችም። መርፌው ቆዳው ጋ ሲደርስ «ተወግቷል፣ ሁለቴ» አልኩ። እጇን ሰበሰበች፤ ድምሩን አስልታ በጥቂቱ ወጋችውና ተሰፋ።

ስንመለስ «ምን ነካህ?» አልኩት።

«ቅር እንዳይላት ብዬ።»

«ደግማ ብትጠይቅህስ?»

የታሰረ መዳፉን አየ። «እዋሻት ነበር።»

ዓመታት የለፋበት ነገር በራሱ አፍ ፈረሰ። እሱ እንዲህ ካደረገ በሪሐና ማን ይፈርዳል? ማንስ ይተርፋል? ደጁ ደረስን፤ ትቼው መሄድ ግን አልቻልኩም።

«ምላስህ ብረት ብረት አይልህም?»

«የለም።»

አላመንኩትም። ደግሜ ጠየቅሁት። በሩን ሊዘጋብኝ ሲል፣ ለሦስተኛ ጊዜ።